ዘፈኑ መልካም ነው፤ ሣቁ ግን ምንድን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ሆዳችንን ሲቆርጠን እንጂ አእምሯችን ሲታመም አንሠራበትም።

ባለፈው ዓመት እኛ በምንኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ስለ አእምሮ ጤና ሕዝቡን ለማንቃት የዘፈን ውድድር ተደርጎ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች፣ የእድር አባሎች፣ ከተማሪዎችም ጥቂቶቻችን ተካፋዮች ሆንን። አንዳንድ ሰዎች «በሽታ ይታከማል እንጂ ይዘፈንበታል ወይ?» ብለው ነቀፉ። እኔ በበኩሌ ነቀፋው ትክክል አይመስለኝም። የአገራችን ገበሬ በደቦ ሲያጭድ ይዘፍናል፤ ሐዘንተኛው ሙሾ ያወርዳል፤ አዝማሪውም ፊት ለፊት ለመናገር የሚያስፈራውን ነገር በማሲንቆው ሲናገር ኖሯል። በ1990ዎቹ ዓ. ም. ድምፃውያን በኅብረት ሆነው ስለ ኤድስ «ማለባበስ ይቅር» ብለው በዘፈኑ ጊዜ፣ በሹክሹክታ ይወራ የነበረው ነገር በአደባባይ ተነገረ። ዘፈን ማንበብ ለማይችለውም ይደርሳልና ጥቅሙ ታላቅ ነው።

ሆኖም በዚያ ቀን ያየሁትን መሰወር አልፈልግም። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ልብሱን ገልብጦ ለብሶ፣ እየተወላገደ፣ «አማኑኤል ውሰዱት» የሚል አስቂኝ ዘፈን አቀረበ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ፤ እኔም ከሌሎቹ አብልጬ ሣቅሁ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን እማማ ግን አልሣቁም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ የኔም ልጅ እኮ እዚያ ነው የዳነው» አሉኝ።

ልጃቸውን አውቀዋለሁ። ዛሬ እንጨት ሥራ ውሎ እናቱን ይጦራል። በታመመበት ጊዜ «እብዱ» እያልን በመንገድ ከተከተልነው ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ። የዚያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

አማኑኤል ለብዙ ዘመን በአገራችን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የቆመ ብቸኛ ሆስፒታል ነበር። ሰው የሚድንበትን ቤት ስም ስድብ ካደረግነው፣ የታመመው በምን ልቡ በበሩ ይገባል? የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ እ. ኤ. አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ቀን አብሮ ይቀመጣል። የሰው አእምሮ ሲታመም ግን ቤተ ሰቡ በሩን ይዘጋል፤ ጎረቤቱም አያንኳኳም።

ስለዚህ ውድድሩ ይቀጥል እላለሁ፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ይታሰብበት። አንደኛ፣ ዳኞች ድምፅን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ይመዝኑ፤ በሕመምተኛ የሚያሾፍ ዘፈን ሽልማት አያግኝ። ሁለተኛ፣ ታመው የዳኑ ሰዎች ፈቃዳቸው ከሆነ ከዘፋኞችና ከዳኞች መካከል ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ከዘፈኑ በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ ሕክምናው የት እንደሚገኝ ያስረዳ፤ ጸበል የሚጠመቀውም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይምከር። እ. ኤ. አ. ከ1992 ጀምሮ ኦክቶበር 10 ቀን የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ መስከረም 30 ቀን ነው። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ስለሚውል ትምህርት ቤታችንም ሊያዘጋጀው ይችላል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እማማን በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ልጃቸውን ግን እስካሁን ፊት ለፊት አላናገርሁትም፤ ይህን ጽሑፍ ከጨረስሁ በኋላ ወደ እርሱ እሄዳለሁ። እናንተም ድምፅ ያላችሁ ዝፈኑ፤ ድምፅ የሌለን ደግሞ ቢያንስ አንሣቅ።