የመለያ ቁጥር ብቻውን አይመሰክርም፦ የኮልፌው ሽጉጥ እና ያልተፈለገው መዝገብ

የአሮጌ ቁሶችን ዘመን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው በአካላቸው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው። የቀለም ብዕር፣ የጽሕፈት መኪና፣ የእጅ ሰዓት ወይም የጦር መሣሪያ ሲገኝ ቁጥሩ ይነበባል፤ ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል፤ የቁሱ ዕድሜም በዚያው እንደተወሰነ ይቆጠራል። ይህ ልማድ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያደባልቃል። ቁሱ የተሠራበት ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ በታሪክ ውስጥ የአንድ ሰው እጅ የገባበት ጊዜ ሌላ ነው። ቁጥር የመጀመሪያውን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል፤ ሁለተኛውን የሚመልሰው መዝገብ ነው። በዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የተጀመረው የአንድ ሽጉጥ ታሪክ ልዩነቱን አጉልቶ ያሳያል።

ከብዕር የሚገኝ ትምህርት

በዚህ ረገድ አሮጌ የቀለም ብዕሮች ጥሩ ማስጠንቀቂያ ናቸው። ብዙዎቹ ተከታታይ ቁጥር የላቸውም፤ ባለቤቶቻቸው የመለያ ቁጥር የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የሞዴል ወይም የፈጠራ መብት ቁጥር ነው። የፈጠራ መብት ቁጥር ደግሞ ብዕሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደተሠራ አይናገርም። የፓርከር ኩባንያ ከ1930ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዕሮቹ ላይ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ያትም ነበር፤ በኋላም በአኃዙ ዙሪያ ሩብ ዓመቱን የሚያመለክቱ ነጥቦች ጨመረ። ሆኖም ብቻውን የቆመ አኃዝ የትኛውን አሥርት ዓመት እንደሚያመለክት የሚለየው ከብዕሩ ቅርጽና ከሌሎች ክፍሎቹ ነው። ጫፉ ወይም ክዳኑ ከሌላ ብዕር የተወሰደ ከሆነ ደግሞ አንዱ ብዕር ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ ምልክቱን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አይቀበለውም።

የኮልፌው ስጦታ

ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1962 በአዲስ አበባ በተካሄደው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ከተገኙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ሥልጠናው የተሰጠው በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ሲሆን፣ በጊዜው የፖሊስ ሠራዊት ረዳት ኮሚሽነር የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ጉዳዩን በቅርብ ይከታተሉ ነበር። ማንዴላ በግለ ታሪካቸው እንደተረኩት፣ ከኢትዮጵያ ሲወጡ ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጥተዋቸዋል። ማንዴላ ሽጉጡን በጆሃንስበርግ አቅራቢያ፣ ሪቮኒያ ውስጥ ባለው ሊሊስሊፍ እርሻ ቀበሩት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1962፣ ማለትም ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ቦታው ከዓመታት በኋላ ተቆፍሮ ቢፈለግም ሽጉጡ አልተገኘም።

በብዙ ጽሑፎች ይህ ሽጉጥ የሶቪየት ሥሪት ማካሮቭ እንደነበረ ይነገራል። ቢገኝ የታሪክ ዋጋውም የገበያ ዋጋውም ከፍተኛ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል፤ ነገ አንድ ሰው የዛገ ማካሮቭ ይዞ ቢመጣና «የኮልፌው ይኸው ነው» ቢል በምን ይመዘናል?

ቁጥሩ ምን ሊናገር ይችላል?

በሶቪየት ሥሪት ማካሮቭ ላይ የፋብሪካው ምልክት፣ ፊደላትና አኃዞች ያሉት ተከታታይ ቁጥር እና የተሠራበት ዓመት ይቀረጻል። ሽጉጡ በሶቪየት ሠራዊት ተቀባይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ምሥራቅ ጀርመን በ1950ዎቹ መጨረሻ ማምረት ጀመረች፤ የቡልጋሪያ ምርት ግን የ1970ዎቹ ነው። ስለዚህ ቁጥሩና ምልክቱ ሐሰተኛውን ለመለየት ይጠቅማሉ። የቡልጋሪያ ምልክት ያለበት ወይም ከ1962 በኋላ የተሠራ ሽጉጥ የኮልፌው ሊሆን አይችልም።

እውነተኛውን ለማረጋገጥ ግን ቁጥሩ አቅም የለውም። ከ1962 በፊት የተሠሩት ማካሮቮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የዓመቱ መገጣጠም የሚያስረዳው መቻልን እንጂ መሆንን አይደለም። የተገኘበት ቦታም ቢሆን ብቻውን አያጠግብም። ማንዴላ በተያዙበት ዕለት ሌላ ባለ ተሽከርካሪ ጎታ ሽጉጥ በመኪናው መቀመጫ ውስጥ እንደደበቁ ራሳቸው ጽፈዋል፤ በታሪኩ ውስጥ ከአንድ በላይ መሣሪያ አለ ማለት ነው። ሊሊስሊፍም የትጥቅ ትግሉ መሪዎች መሸሸጊያ ነበር።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም ሌላ ወጥመድ ነው። በሶቪየት ሽጉጥ ላይ «1954» ተብሎ ቢነበብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1946 ወይም 1947 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ መዝገብ ላይ የሚገኘው «1954» ግን ሽጉጡ የተሰጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1961/62ን፣ ያመለክታል። ሁለቱን ያለ ጥንቃቄ የሚያነብ ሰው የስምንት ዓመት ልዩነት ያለበትን ነገር እንደ አንድ ማስረጃ ሊወስደው ይችላል።

ትዝታና የዕለት ማስታወሻ

«ባለታሪኩ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ከዚያው ከኮልፌ ሥልጠና ይገኛል። የማንዴላ ግለ ታሪክ ሥልጠናው ስምንት ሳምንት እንደቆየ ይናገራል። በ1962 በእጃቸው የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ግን የፈንጂ ትምህርቱ ሰኔ 29 (እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም ሰኔ 22 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እንደተጀመረ ይመዘግባል። ከዚያ ቀን እስከ ተያዙበት ዕለት ያለው ጊዜ 37 ቀን ብቻ ነው፤ የመልስ ጉዞውና በአገራቸው የቆዩባቸው ቀናትም በዚሁ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ስምንት ሳምንቱ በስሌት አይሞላም። ይህ የባለታሪኩን ክብር የሚነካ አይደለም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ጊዜን እንደሚያረዝምና እንደሚያሳጥር የታወቀ ነው። የቀኑን ቁጥር ያረመው በዕለቱ የተጻፈው ወረቀት ነው። የሽጉጡንም ዓይነትና ቁጥር የሚያርመው ወይም የሚያጸድቀው ያው ዓይነት ወረቀት ነው።

በተለይ የማካሮቭ ነገር ማስረጃ የሚሻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራርማ ነበርና በዘመኑ ዋናው የመሣሪያ ምንጯ አሜሪካ ነበረች። በሌላ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር አግኝተዋል። ግንኙነቱ ስለነበረ የሶቪየት ሽጉጥ በአንድ ከፍተኛ መኮንን እጅ መገኘቱ የማይቻል አይደለም። ነገር ግን የሚቻልን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ መጻፍ የተመራማሪ ሥራ ሊሆን አይገባም።

የጎደለው ሰንሰለት

በሌላው ዓለም የጦር መሣሪያ ታሪክ የሚረጋገጠው በቁጥር ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ኮልት ኩባንያ የአንድን ሽጉጥ ቁጥር ተቀብሎ፣ ከጥንት የመላኪያ መዛግብቱ ላይ መቼና ለማን እንደተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣል። ክብደት ያለው ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ቁጥሩን ከሰውና ከቀን ጋር ያገናኘው የመዝገብ መስመር ነው።

ኢትዮጵያም የዚህ ዓይነት ባህል እንግዳ አይደለችም። ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ ከወንበር እስከ ተሽከርካሪ ያለ ፊርማ የሚወጣ የለም። በ1954 ዓ.ም. ሽጉጡ ከፖሊስ ግምጃ ቤት ወጥቶ ከሆነ ቁጥሩ በአንድ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። የኮሎኔሉ የግል መሣሪያ ከነበረም ይህንኑ የሚጠቁም ፈቃድ ወይም ደብዳቤ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ የሽጉጡ ፍለጋ በሪቮኒያ አፈር ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባ መዛግብት ውስጥም መካሄድ አለበት።

ይህ ፍለጋ ጊዜ አይሰጥም። ኮሎኔል ታደሰ፣ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ተገድለዋል፤ ስጦታውን የሰጡት ሰው ሊጠየቁ አይችሉም። በዘመኑ በሠፈሩ ያገለገሉት ሰዎችም ዕድሜያቸው ገፍቷል። አሮጌ የንብረት መዝገብ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ከደብዳቤና ከአዋጅ ያነሰ ክብር የሚሰጠው የወረቀት ዓይነት ነው፤ መጋዘን ሲጸዳ ቀድሞ የሚወገደውም እርሱ ነው። የጸጥታ ጉዳይ ነው የሚለው ሥጋትም ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነው የአንድ ሽጉጥ ወጪ መዝገብ የሚበቃ ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ የሚከተሉት ተግባራት ግልጽ ናቸው። የፖሊስ ተቋማት የ1950ዎቹን ዓ.ም. የንብረት መዛግብት ሳይለዩ እንዳያስወግዱ፣ ይልቁንም ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እንዲያስረክቡ ያስፈልጋል። የታሪክ ክፍሎችም የንብረት መዝገብን ለድኅረ ምረቃ ጥናት እንደሚበቃ ምንጭ ሊቀበሉት ይገባል። የቁስ ታሪክ የሚያጠኑ ተማሪዎች ደግሞ «ተሠራ»፣ «ተላከ»፣ «ተመዘገበ» እና «ተሰጠ» የሚሉትን አራት ቀኖች ለየብቻ መጻፍ መልመድ አለባቸው፤ ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ቦታው ባዶ ይቀመጥ እንጂ ከጎረቤቱ ቀን አይሞላ።

መዝገቡ ከተገኘ፣ ሽጉጡ ፈጽሞ ባይገኝ እንኳ፣ ኮልፌ በአፍሪካ ነፃነት ታሪክ ያላት ድርሻ በአንድ የጽሑፍ መስመር ይጸናል። ሽጉጡ ተገኝቶ መዝገቡ ከጠፋ ግን የሚቀረው ዓመት የተቀረጸበት ብረት ነው፤ በዚያ ብረት ላይ ማንም የፈለገውን ታሪክ ሊለጥፍበት ይችላል።