ጉንፋኑን ሞግዚቷ አልወለደችውም

ጥቅምት በገባ ቁጥር የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ተከሳሽ ትሆናለች። ልጁ ካሳለ እሷ ናት። ካለቀሰ እሷ ናት። ሱሪው ጭቃ ከነካ እሷ ናት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ካለም እሷ ቀን አስተኝታው ነው። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ለኛ ተረት ሳይሆን የአየር ትንበያ ነው። እዚህ ልጅ በመስከረም ዴይኬር አስገብቶ በጥቅምት ንፍጥ አየሁ ብሎ መደንገጥ፣ ክረምት ላይ ውጭ ወጥቶ ዝናብ መታኝ እንደ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄ የምትውልበት ማቆያ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ አለው። ባለፈው ሳምንት አንዱ አባት «ልጄ ወር ተኩል ሄዶ የተማረው ጉንፋን ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ሰዉ ሳቀለት። እኔም ቀልዱ አልከፋኝም፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ቀልድ ነው። ቀጥሎ ግን አንዲት እናት «ሞግዚቷ ትቀየርልን ብለን እንፈርም» አለች፣ እስከ ማታ ፊርማ መሰብሰብ ተጀመረ። የምትቀየረው ሞግዚት ማን ናት? ከሁለቱ የቀረችው አንዷ። ሌላዋ መስከረም መጨረሻ ላይ ለቃለች። እሷም ከሄደች በሩ ይዘጋል፣ ሃያ ምናምን እናት ሰኞ ጠዋት ልጇን ታቅፋ መንገድ ላይ ትቆማለች። ከነሱ አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፣ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሦስት ቀን ከቀረች ወንበሯን ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

ስለዚህ ስሙኝማ። እኔ የዲፕሎማ አስተማሪ ነኝ፣ የሕፃናት ሐኪም አይደለሁም። ግን ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እዚህ የምታነቡኝ ልጆቼ 9ኛ ክፍል የጻፍኩላችሁን አትርሱ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በማሳል፣ በማስነጠስ፣ በተነካካ እጅ ነው። ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ያልተለመደ ነገር አይደለም፣ ቤት ብቻውን የኖረና ድንገት ከሌሎች ልጆች ጋር የተቀላቀለ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይበዛበታል። ሰውነቱ ገና እየተማረ ነው።

እናንተ ግን ምን ታደርጋላችሁ? «ብርድ እንዳይመታቸው መስኮቱ ይዘጋ» ብላችሁ ታዛላችሁ። ሃያ አራት ሕፃን በአንድ ክፍል፣ መስኮት ተዘግቶ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ለሁሉም ይደርሳል። ብርዱን ሹራብ ይከላከለዋል፣ የተዘጋ ክፍል አየር ግን ሹራብ አይመልሰውም። ጠዋት 1:30 ላይ ደብረ ብርሃን ያንቀጠቅጣል፣ 6 ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ ከላካችሁት ጠዋት ይሞቀዋል፣ ቀን ያልበዋል፣ ላቡ ላይ ደግሞ የማታው ንፋስ ይመጣበታል። ደረብ ደረብ አድርጉለት፣ ሞግዚቷ አንድ በአንድ ታወልቅለት። ስሙን ጻፉበት እንጂ፤ ሃያ አራት ልጅ ውስጥ አሥሩ ያው ሰማያዊ ሹራብ ነው የለበሰው።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ፓራሲታሞል ሽሮፕ።

ልጁ ሌሊቱን አተኩሶ አድሯል። እናትም አባትም ያውቃሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሽሮፑን ይሰጡታል፣ ትኩሳቱ በረድ ይላል፣ ማቆያው በር ላይ ፈገግ ብሎ ይገባል። «ደህና ነው?» ስትል «በጣም ደህና» ይሏታል። የመድኃኒቱ ኃይል ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቢቆይ ነው። ቁጠሩት። ልክ ምሳ በልተው በሚተኙበት ሰዓት ልጁ ይነዳል። ሞግዚቷ ስልክ ትደውላለች፣ ስልኩ አይነሳም። እስከዚያ ድረስ ልጁ ከሃያ ሦስቱ ጋር ማንኪያ ተጋርቷል። ከዚህ የከፋም አለ። ጠዋት መሰጠቱን ካልነገራችኋት፣ ትኩሳቱን አይታ ደንግጣ ደግማ ብትሰጠውስ? ፓራሲታሞል ከልክ ሲያልፍ ጉበት የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ይህን ዋሽቶ የሄደ ወላጅ ማታ መጥቶ «ልጄን አሳመማችሁብኝ» ሲል የሰማሁት በገዛ ጆሮዬ ነው።

ሥራ መቅረት ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የደሞዝ ቆረጣውን አውቀዋለሁ። ግን ንፍጥ ብቻ ካለው ላኩት፣ ችግር የለም። ካተኮሰ፣ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ቤት ይዋል፤ እናት አንድ ቀን አባት አንድ ቀን ተከፋፈሉት። በፍጥነት እየተነፈሰ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ ካንዘፈዘፈው ደግሞ ማቆያም ቤትም አይደለም፣ ጤና ጣቢያ ነው፣ አሁኑኑ። መድኃኒት ከሰጣችሁት ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እጇ ላይ ስጧት። በዚያው የክትባት ካርዱን አሳዩ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር አንዴ፣ በ15 ወር አንዴ ነው፤ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ግሩፑ ላይ ሞልቷል።

ስለ ለቅሶው ልናገር። መስከረም ሙሉ በሩ ላይ ያየሁት ድራማ አንድ ዓይነት ነው። «እይ እይ ድመቷን!» ይሉታል፣ ልጁ ድመቷን ሲፈልግ እናቱ ሹልክ ትላለች። ዞር ሲል ድመትም የለም እናትም የለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ልጅ ማንንም ከዓይኑ አያርቅም፣ ሽንት ቤት ስትሄዱ እንኳን ይከተላችኋል። ደግሞ ትገረማላችሁ። ልጁ እያለቀሰም ቢሆን ስማችሁት፣ «ከመክሰስ በኋላ እመጣለሁ» ብላችሁት ሂዱ፣ ከመክሰስ በኋላም ኑ። ሰዓት አያውቅም፣ መክሰስ ግን ያውቃል። ብዙዎቹ እናንተ ከዞራችሁ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዝም ይላሉ፤ መስኮት ስር ቆማችሁ ስታለቅሱ ሲያያችሁ ነው እንደገና የሚጀምረው። ለመስቀል ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ለቅሶው ቢያገረሽበትም ሞግዚቷ አልመታችውም፤ በዓል ላይ ከአያቱ ጋር ሰንብቶ ማን ተመልሶ መምጣት ይፈልጋል?

አባቶች የት ናችሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 3 ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ትንሽ ነው፣ እስማማለሁ። ግን አንዳንዱ አባት ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው የሰጠው ጠቅላላ ጊዜ ያችው ሦስት ቀን ናት። ማቆያው በር ላይ ጠዋት ከማያቸው አሥር ሰዎች ስምንቱ ሴቶች ናቸው፤ ግሩፑ ላይ ረጅም ወቀሳ የሚጽፉት ግን አባቶች ናቸው። ሞግዚቷን መንገድ ላይ ብታገኛት የማታውቃት ሰውዬ፣ ትባረር ብለህ የምትፈርመው በምን ዓይንህ ነው?

«ፊደል አላስተማረችውም» የሚለውን ክስ በአጭሩ ልለፈው። አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ነው የሚጀመረው። የሁለት ዓመት ልጅ ሀ ሁ ባይል አገር አይፈርስም። እኔ 9ኛ ክፍል የሚደርሱኝ ልጆች ችግራቸው ፊደሉን ዘግይተው መጀመራቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ የሌላውን ሰው ንግግር እስኪጨርስ መጠበቅ አይችሉም። ተራ መጠበቅ፣ አሻንጉሊት መጋራት፣ እጅ መታጠብ፣ ጭቃ ማቡካት፣ ይሄ ነው የዚህ እድሜ ትምህርት። ጭቃው ይታጠባል።

ሰዓትም አክብሩ በናታችሁ። ማቆያው የሚዘጋው 11:30 ነው። 12:15 ላይ «ባጃጅ አጣሁ» እያላችሁ ስትመጡ፣ እሷም ጎረቤት ያስቀመጠችው ልጅ አላት። ደሞዟን ጠይቄያት ነግራኛለች። እዚህ አልጽፈውም፣ ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ግን እሷን አይደለም።

ለሌሎቻችሁ፣ በተለይ አስተምሬያችሁ ዛሬ መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ለተቀመጣችሁ አንድ ነገር አለኝ። ሕጉ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ገና አንገቱን እያጠነከረ ነው፣ ጡት ላይ ነው፣ እናቱ ግን ማሽን ላይ ናት። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝ ነበር፤ ስንቶቻችሁ ክፍሉን የተሰበረ ወንበር ማከማቻ እንዳደረጋችሁት ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ወንበሩን አውጡት። ውሃ ያለው፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ፀሐይ የሚገባው አንድ ክፍልና በቂ ደሞዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሞግዚቶች ናቸው የሚፈለጉት። እኛ ሰፈር ያለው ማቆያ ሁለተኛ ሞግዚት እየፈለገ ነው። የምታውቋት ትዕግሥተኛ ሰው ካለች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወላጆች ለደሞዟ ምን ያህል መጨመር እንደምንችል ቅዳሜ እንነጋገራለን።