የአምራች ዘርፉ ሚና፦ ከሞሪሺየስ ተሞክሮ እስከ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች

በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው ትንሿ የደሴት ሀገር ሞሪሺየስ እ.ኤ.አ. በ1968 ነጻነቷን ስትቀዳጅ የውጭ ንግዷ በስኳር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1970 የወጪ ምርት ቀጠና ሕግ በማውጣቷ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ተስፋፍተው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዜጎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የሥራ ዕድል ፈጥረዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፉ የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሥርዓት ሲያበቃ በርካታ ሠራተኞች ከሥራ ተፈናቅለዋል። ጸንተው የቆዩት በጥራትና በክህሎት ላይ ያተኮሩት ናቸው።

ይህ ተሞክሮ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትኩረቱን በጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ላይ አድርጎ ሥራ ጀምሯል። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ የገበያ ዕድል ውጭ በመሆኗ ግን የዘርፉ አምራቾች ለጫና ተዳርገዋል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የ«ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄም ገቢ ምርትን በሀገር ውስጥ ምርት ለመተካት ትኩረት ሰጥቷል።

በዚህ ረገድ ከጳውሎስ ብዙም ሳይርቅ፣ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ ልዩ ትርጉም አለው። የጉለሌ ሸማኔ ገበያ በሠርግ፣ በጥምቀትና በአዲስ ዓመት የሚደምቅ የራሳችን ገበያ በመሆኑ በሌላ ሀገር ውሳኔ አይዘጋም። ፈተናው ሌላ ነው፤ የድርና ማግ ዋጋ መናር፣ የመሥሪያ ቦታ ጥበትና ጥለቱን በማሽን አስመስለው የሚያትሙ ርካሽ የውጭ ጨርቆች ናቸው። አንድ የሸማ ሥራ ቀናት ይፈጃል፤ የታተመው ጨርቅ ግን በደቂቃዎች ይመረታል። ስለሆነም ሸማኔው በዋጋ ብቻ ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም። የሚያዋጣው በግብዓት አቅርቦት መደገፍ፣ ጥራትን ማስጠበቅና ገዢው የእጅ ሥራን ከታተመው ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

በዘርፉ ለመሰማራት ወይም ሥራቸውን ለማስፋት የሚፈልጉ ዜጎች በየወረዳቸው የሚገኘውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በመጠየቅ ስለ አደረጃጀት፣ ስለ ሥልጠናና ስለ መሥሪያ ቦታ መረጃ ማግኘት ይችላሉ። ማሽን በብድር መልክ ለሚሹ አምራቾችም የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ አገልግሎት አንዱ አማራጭ ነው።

የውጭ ገበያ ዕድል ሊሰጥም ሊነሳም ይችላል፤ በእጅ ያለ ሙያ ግን ተጠብቆ ከተያዘ ለተተኪው ትውልድ የሚተላለፍ ሀብት ነው።