«ካቴጎሪ ዋን ናት፣ ምንም አትሆንም» ለምትሉኝ ወላጆች

ዛሬ ስለ ጉንፋንም ስለ ደም ግፊትም አይደለም የምጽፈው። ትንሽ ተቆጥቼ ስለምጽፍ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ሂውስተንና አካባቢው ያላችሁ ታካሚዎቼን በየዓመቱ በዚህ ሰሞን «ማዕበል ቢመጣ የት ትሄዳላችሁ? መድኃኒቱስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የማገኘው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ባለፈው ጊዜ ምንም አልሆንም እኮ።» አንዳንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኛል፣ «ካቴጎሪ ዋን ናት ይላሉ።» እማማ የሚሏቸው አንዲት ታካሚዬ ደግሞ «እግዜር ያውቃል» ይሉኛል። እሱማ ያውቃል፤ እኔ የምጠይቀው እናንተ ታውቁ እንደሆነ ነው።

ካቴጎሪ የሚለካው የነፋስን ፍጥነት ብቻ ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ባሕር ውሃ፣ ስለ መብራት መጥፋት የሚነግራችሁ ነገር የለም። ሃርቪ በኦገስት 2017 ሮክፖርት አጠገብ ሲመታ ካቴጎሪ አራት ነበር፤ ሂውስተንን ያሰመጠው ግን ነፋሱ ከደከመ በኋላ ነው። ኔደርላንድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ በጥቂት ቀናት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ፣ ክረምቷን ጨምሮ፣ ይህን ያህል አታገኝም። ቤሪል በጁላይ 8፣ 2024 ስትገባ ደግሞ እውነትም ካቴጎሪ አንድ ነበረች። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ ጨለማ ውስጥ ቆየ። በጁላይ ሙቀት! ከሞቱት መካከል ቤታቸው ውስጥ በሙቀት የሞቱ ነበሩ።

ያን ሳምንት አንድ አባት እናቱን ይዞ መጣ። እናቲቱ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀሙ ናቸው። ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው፤ ትርፍ ሲሊንደር የላቸውም። «ለምን ቀደም ብላችሁ አልወጣችሁም?» አልኩት። «ዞን ውስጥ አይደለንም፣ ውጡ ያለን የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከአንድ ወር በፊት ለቀጠሮ መጥተው ነበር፤ እኔም ስለ መብራት አንድ ቃል አልጠየቅሁም። ቁጣዬ ግማሹ በራሴ ላይ መሆኑን በዚህ እወቁልኝ። እናቲቱ ደኅና ናቸው።

እዚህ ላይ በየቴሌግራሙ «ሁላችሁም ከተማውን ልቀቁ!» እያሉ ድምፅ ከሚልኩት ጋርም አልስማማም። በሴፕቴምበር 2005፣ ካትሪና ኒው ኦርሊየንስን ከመታች ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ሪታ ስትመጣ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጡ። ሃያ ሰዓትና ከዚያ በላይ መኪና ውስጥ የቆየ አለ። ቴክሳስ ውስጥ በሽሽቱ የሞተው ሰው ማዕበሉ ራሱ ከገደለው ይበልጣል። ሽማግሌዎችን ከመጦሪያ ቤት የጫነ አንድ አውቶቡስ ዳላስ አጠገብ ተቃጥሎ 23 ሰው ሞቷል። ስለዚህ ያለ ዕቅድ መሮጥም ሰው ይገድላል።

እኔ የምላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ ነው። ውሃው ቤቴ ይደርሳል ወይ? ቤቴ ውስጥ መብራት ከጠፋ የሚታመም ሰው አለ ወይ?

ውሃው የሚደርስባችሁ ውጡ፤ ክርክር የለውም። የባሕር ውሃ የሚያሰጋቸው ሰፈሮች በዚፕ ኮድ ተለይተዋል፤ አብዛኛው ሂውስተን ከዚያ ውጭ ነው። ነገር ግን ዞኑ የተሠራው ለባሕሩ እንጂ ለባዩው አይደለም። በሃርቪ ጊዜ ቤታችሁ ውሃ ገብቶ ከነበረ ካርታ አያስፈልጋችሁም። ጎርፍ ሲመጣ ሰዓት አይሰጥም፤ የድሬዳዋ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ተኝቶ ባለበት ነው የወሰደው። የሚሄድ ውሃ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብዙ መኪና ያንሳፍፋል። ልጆች ከኋላ አስቀምጣችሁ «ቀስ ብዬ አልፈዋለሁ» አትበሉ።

ውሃ የማያሰጋችሁ፣ ግን ኦክስጅን፣ ኔቡላይዘር፣ ዳያሊሲስ፣ ወይም አራስ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ትእዛዝ አትጠብቁ። በ2022 ኢያን ፍሎሪዳን ሲመታ ብዙ ሰው በሞተበት ሊ ካውንቲ የውጡ ትእዛዝ የመጣው ማዕበሉ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ለጤነኛ ወጣት አንድ ቀን ሊበቃ ይችላል። ለዳያሊሲስ ታካሚ አይበቃም። ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ሂዱ። ሩቅም መሄድ የለባችሁም፤ ዳላስ አክስት ጋ ብቻ ነው ያለው ዓለም? ከውሃው የራቀና ጄኔሬተር ያለው ወዳጅ ቤት ይበቃል። ሌሎቻችሁ፣ ማለትም ውሃም የማያሰጋችሁ በመብራትም የሚኖር ሰው የሌላችሁ፣ ቤታችሁ ቆዩና መንገዱን ለሌላው ልቀቁለት።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የማትወጡት ስለማታውቁ አይደለም። ሥራ ነው። «ቦሱ ካልገባሽ አትመለሺ አለኝ» ያለችኝ እናት የአምስት ወር ልጅ ታቅፋ ነበር። ስሙኝ፦ በቴክሳስ ሕግ፣ መንግሥት ውጡ ብሎ ባዘዘበት ቦታ ትእዛዙን አክብሮ የወጣ ሠራተኛን በዚህ ምክንያት ማባረር አይቻልም። እንደ እሳት አደጋና አምቡላንስ ሠራተኛ ያሉ የተለዩ አሉ፤ የማደያ ካሸር ግን ከእነሱ አይደለም። ትእዛዝ ሳይወጣ ለምትወጡት ይህ ከለላ የለም፤ ስለዚህ ፈቃዱን ዛሬ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሳለ፣ ተነጋገሩበት። የራሳችን ሰው ሆናችሁ ማደያና ሱቅ ያላችሁ ደግሞ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረናት የምንቆመውን ልጅ ሰኞ በጎርፍ ውስጥ ቺፕስ እንድትሸጥ አታድርጓት። በቁም ነገር ነው የምላችሁ።

ወረቀት የላችሁም ብላችሁ መጠለያ የምትፈሩም አላችሁ። የቀይ መስቀል መጠለያ የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቅም። መኪና የሌላችሁ ወይም በሽተኛ የያዛችሁ 211 ደውላችሁ ከአሁኑ ተመዝገቡ። ምዝገባው መኪና በር ላይ ይመጣል የሚል ዋስትና አይደለም፤ ያለመመዝገብ ግን ማንም አያውቃችሁም ማለት ነው።

ከሰል! ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐኪም አይደለሁም። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ከሰል አያይዘን ቡና እናፈላለን። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል። እዚህ ግን ቤቱ የታሸገ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ መስኮቱን ሁሉ ትዘጋላችሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ያ ድካም ወይም ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ 911 ደውሉ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቶሎ ይጎዳሉ። ጄኔሬተርም ያው ነው፤ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶ ማስነሳት አያድንም፣ ከቤቱ ስድስት ሜትር ይራቅ። በ2008 ከአይክ በኋላ ለልጆች ቪዲዮ ጌም ተብሎ በተነሳ ጄኔሬተር ተመርዘው ሆስፒታል የገቡ ልጆች ነበሩ። በ2021 የካቲት ቅዝቃዜ መብራት በጠፋ ጊዜም በዚሁ ጋዝ ከእኛው መሃል ሐዘን የገባበት ቤት አለ። ቡናው ሁለት ቀን ይቅር።

መድኃኒትን በተመለከተ እኛ ሐኪሞችም ጥፋት አለብን። «የሁለት ሳምንት ትርፍ መድኃኒት ያዙ» ብለን እንለቃችኋለን፤ ፋርማሲ ስትሄዱ ኢንሹራንሱ «ገና ነው» ይላችኋል። ከእኛ ጠይቁ፣ ጨቅጭቁን። የአደጋ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ የቴክሳስ ፋርማሲስት ሐኪማችሁን ባያገኝም እስከ 30 ቀን የሚሆን መድኃኒት ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ይህን ሳትጠቅሱ ከመስኮቱ አትመለሱ። ፍሪጅ ጠፋ ብላችሁ ኢንሱሊን አትጣሉ፦ አብዛኛው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ቦታ 28 ቀን ይቆያል። በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፣ ከቀዘቀዘና ከረጋ አይሠራም፤ መኪና ውስጥም አትርሱት። ጡት የምታጠቡ እናቶች ማጥባቱን አታቋርጡ፣ ከዚያ የሚበልጥ ንጹሕ ምግብ የለም። ዱቄት ወተት የምትሰጡ፣ ውሃው ሊበከል ስለሚችል በጠርሙስ የተዘጋጀውን ፈሳሽ ያዙ።

የዳያሊሲስ ታካሚዎች፣ ቀናችሁ ሳይደርስ ቀድማችሁ እንድትታጠቡ ሴንተራችሁን ጠይቁ፤ ቢቋረጥ የምትበሉትንም በጽሑፍ ውሰዱ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ድንች በዚያ ሰሞን ለእናንተ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽም በጣም ይቀንሳል።

ኮሜንት ላይ ዚፕ ኮዳችሁን አትጻፉ፣ አድራሻ ነው። ቤታችሁ መብራት የሚፈልግ የሕክምና ማሽን ካለ ግን «ማሽን» ብላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። በዚህ ሳምንት ማታ ማታ እያንዳንዳችሁን እደውላለሁ፤ የሲሊንደሩንም የማሽኑ ባትሪ የሚቆይበትንም ሰዓት አብረን እንቆጥራለን።