ባለሙያ ሲመጣ ምን እንጠይቀው?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ቦይ ከመቆፈሩ፣ ኩሬ ከመውጣቱ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ከመገዛቱ በፊት ብዙውን ጊዜ አንድ እንግዳ ይመጣል። ይህ ሰው «መሐንዲስ» ወይም «ኤክስፐርት» ተብሎ ከገበሬው ጋር ይተዋወቃል። ማዕረጉ በስብሰባው ላይ ይነገራል፤ የተማረው ምን እንደሆነና ከዚህ በፊት ምን እንደሠራ ግን አይጠየቅም። በእኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ምክንያቱም ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ፣ አቅጣጫው የተሳሳተ ጎርፍ የሚወርደው በገበሬው ማሳ ላይ ነው። የተበላሸውን ሞተር ዕዳ የሚከፍለውም ማኅበሩ ነው።

ይህን አጭር ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር አባላት እንዲወያዩበት ነው።

ከአንኮበር የሚገኝ ትምህርት

ባለሙያን ከሩቅ ማስመጣት ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አውሮፓዊ ባለሙያ በፈለጉ ጊዜ፣ በዙሪክ ፖሊ ቴክኒክ የተማረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ከሁለት የአገሩ ሰዎች ጋር አንኮበር ገባ። ከዚያም በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ፣ በአዲስ አበባ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አሠርቷል፤ ለጅቡቲው የባቡር ሐዲድም ብዙ ደክሟል። ነገር ግን ድልድይን ሥዕል የሚያነብ ሰው ብቻውን አያቆመውም። ግንዱን የሚጠርብ አናጢ፣ ምስማሩን የሚቀጠቅጥ ብረት ሠሪ፣ ድንጋዩን የሚያስተካክል ግንበኛ ያስፈልጋል።

ታዲያ በዚያ ዘመን ከውጭ የመጣው መሐንዲስ ሲከበር፣ የአገሩ ብረት ሠሪ በሙያው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የከለከሉት ስለዚህ ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ዛሬም በቀበሌያችን የእርሻ መሣሪያ ጉዳይ ሲመከር፣ የገበሬውን ማረሻ በየዓመቱ የሚያሾለውና የሚጠግነው ብረት ቀጥቃጭ ለስብሰባ የሚጠራው ስንት ጊዜ ነው?

ማረሻን ያወቀ ምርምር

ለዚህ አስተያየታችን ማስረጃ የሚሆኑ ሥራዎች በዚሁ በዞናችን ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በደብረ ብርሃን ጣቢያው በነበረበት ጊዜ በአንድ በሬ የሚታረስበትን ዘዴ ሞክሮ ነበር። ሁለተኛ በሬ የሌለው ገበሬ ብዙ ስለሆነ ሐሳቡ መልካም ነበር። በጣቢያው ሙከራም ሠርቷል። ገበሬው ግን በሰፊው አልተቀበለውም። የከበደውን መሬት ለመስበር የአንድ በሬ ጉልበት የሚበቃ አልነበረም፤ በዚያ ላይ ገበሬው በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ በተራ የማረስ የቆየ ልማድ ነበረው፤ ይኸውም መቀናጆ ነው። ቀንበሩን የሚያውቅ መሐንዲስ ነበረ፤ መቀናጆን የሚያውቅ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን ከጎኑ መቀመጥ ነበረበት።

ሁለተኛው ምሳሌ የዋልካ መሬት ነው። በእነዋሪ ሜዳ ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጁ እያፈሰ ሰፋፊ መደብ በመሥራት የክረምቱን ውሃ ከማሳው ያስወጣ ነበር። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ዘዴው ትክክለኛ ነበር። ተመራማሪዎችም ይህን አይተው ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማያያዝ፣ በሁለት በሬ የሚጎተት የመደብና የቦይ ማውጫ ሠሩ፤ ይህም ቢ.ቢ.ኤም. የሚባለው ነው። መሣሪያው 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መደብና 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ ያወጣል። እርግጥ ነው፣ ክብደቱና ዋጋው ቅሬታ አስነስተዋል፤ በየቦታውም እኩል አልተስፋፋም። ነገር ግን ከገበሬው ዘዴ ተነሥቶ በገበሬው ማረሻ ላይ የተሠራ በመሆኑ፣ ለምን እንደተሠራ ለማስረዳት ብዙ ንግግር አላስፈለገውም።

ገበሬው ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም

ከዚህ በላይ የተገለጸው የተማረ ባለሙያ አያስፈልግም የሚያሰኝ አይደለም። ዓይን ተዳፋትን ይሳሳታል፤ የታጠበ አፈር መጠንም በግምት አይታወቅም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አጠገብ በሚገኘው በአንዲት ጥድ እ.ኤ.አ. በ1982 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተከፈተው ስለዚህ ነው። የምርምር ፕሮግራሙን የመሠረተው ሐንስ ሁርኒ በሙያው የጂኦግራፊ ምሁር ነው። በየጣቢያዎቹ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር በየጊዜው ተለክቶ ሲመዘገብ ቆይቷል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃውን ይዞ የሚያቆም እርከን ሰብሉን ሊያጥለቀልቅ እንደሚችል፣ ስለዚህም ትርፉን ውሃ በዝግታ ወደ ተዘጋጀ መውረጃ የሚያደርስ እርከን እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ልኬት ነው። ይህን ሳያረጋግጥ በቆላ የተማረውን እርከን በደጋ የሚያሠራ ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ያህል ቢሆን፣ በዚህ ሥራ ባለሙያ ሊባል አይገባውም።

በዘርና በእንስሳት ዝርያ ሥራም ነገሩ ይኸው ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ የተማሩት የዘር ሳይንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል መርተዋል። ዘሩን በማቀዝቀዣ ቤት ማስቀመጥ ብቻ እንደማይበቃ፣ ገበሬውም በማሳው ላይ እንዲጠብቀው መደረግ እንዳለበት አስተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚሁ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በመንዝም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ የበግ ማሻሻያ ሥራ የተካሄደው ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚረባውን አውራ እየመረጡ ነው። ክብደቱን የሚመዘግብና የሚያሰላ ተመራማሪ ነው፤ ላቱን፣ ቀለሙንና ቁመናውን አይቶ «ይህ ለገበያ ይሆናል፣ ያ አይሆንም» የሚለው ደግሞ ባለበጉ ነው።

የቤተ ሙከራ ባለሙያም ከበሽታ የጸዳ የድንች ችግኝ ሊሰጠን ይችላል። ይሁን እንጂ ካለፈው ዓመት ተርፎ በማሳው ውስጥ የበቀለው ድንች በሽታውን ይመልሰዋል። ይህን የሚከላከለው የሰብል ጥበቃ ሠራተኛውና ገበሬው ተባብረው ነው።

ምን እናድርግ?

በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ የተደረገው አንድ ሰው ሁሉን ሊያውቅ ስለማይችል ነው። እንዲህም ሆኖ ሞተር ሲሰበር፣ ድልድይ ሲሠራ፣ መጋዘን ሲታቀድ የቅርቡ የልማት ሠራተኛ ይጠየቃል። እርሱም ላለማፈር ሲል ይመልሳል። «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ የሚያውቀውን እጠራለሁ» ማለት ግን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የባለሙያ ምልክት ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን እንመክራለን።

1ኛ. ማንኛውም ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሥራ አመራር ኮሚቴው ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው፦ የተማርከው ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ በፊት የሠራኸው የት ነው? ከክረምት በኋላ ተመልሰህ አይተኸዋል? ከሦስቱ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው።

2ኛ. የቦይ ወይም የእርከን መስመር ከመቀየሱ በፊት ቀያሹ ከላይና ከታች ያሉትን ባለማሳዎች ይዞ መስመሩን በእግሩ ይሂድበት፤ ውሃው የት እንደሚያድር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከዚያም ተዳፋቱ በውሃ ልክ ይለካ እንጂ በዓይን አይገመት።

3ኛ. አዲስ የእርሻ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት የአካባቢው ብረት ሠሪ ይየውና ሊጠግነው የሚችል መሆኑን ይናገር። ሊጠገን የማይችል መሣሪያ በመጀመሪያው ብልሽት ጎተራ ውስጥ ይቀራል።

4ኛ. የተባለውና የተሠራው በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ፤ ባለሙያው ቢቀየርም ትምህርቱ ለማኅበሩ ይቀራል።

«የተማረን ሰው መጠየቅ ንቀት ነው» የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ አንልም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ስለ ሥራው የሚነግረው አለውና። ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሙያ ቢያጋጥም፣ ቁፋሮው ሳይጀመር ማወቁ ለማኅበሩ ይጠቅማል። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለጉልበት ብቻ አይደለም። መሐንዲሱ፣ የልማት ሠራተኛው፣ ብረት ሠሪውና ባለማሳው አንድ ላይ ቆመው ያዩት ቦይ የሚፈተነው በሐምሌ ዝናብ ነው፤ ያኔ የሚጠየቅ ማዕረግ የለም። ስለዚህ ጥያቄያችንን ዝናቡ ሳይመጣ፣ በበጋው እንጠይቅ።