የጨጓራና የአንጀት ቁስለት

«ጨጓራዬ ተነሳብኝ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ተልባ በጥብጦ ይጠጣል፣ ሌላው ወተት ይጎነጫል፣ በርበሬ ትቶ በአልጫ የሚኖርም አለ። ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ይልና ተመልሶ ይመጣል። ለምን ይሆን?

ጨጓራውን ያቃጠለው ሰው ሁሉ ቁስለት አለበት ማለት አይደለም። ቁስለት የሚባለው የጨጓራው ወይም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ የውስጥ ሽፋን ሲላጥና አሲድ ሲበላው ነው። የአንጀቱ ቁስለት ብዙውን ጊዜ ሆድ ባዶ ሲሆንና ሌሊት ያማል፤ የጨጓራው ግን ከተበላ በኋላ ሊብስ ይችላል።

መንስኤው ጭንቀትና ቅመም ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ኤች ፓይሎሪ የተሰኘውን ባክቴሪያ ከሕሙማን ጨጓራ ወስደው ማራባት ቻሉ። በ1984 ማርሻል ራሱ ባክቴሪያውን ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሌላው ዋና መንስኤ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው። በርበሬ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል እንጂ ቁስሉን አይፈጥርም።

እንግዲህ ወተትና ተልባ ቢያስታግሱም ባክቴሪያውን አያጠፉም። በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ መኖሩ ከተረጋገጠ ሐኪሙ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት ያዛል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአራተኛው ቀን ሲሻላቸው ያቋርጣሉ። ያን ጊዜ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምዳል። ሕክምናው ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ መጥፋቱን በምርመራ ማረጋገጥ ይገባል።

ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰው ወይም ድንገት ሆዱን በኃይል የወጋው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።

ረመዳን ሲቃረብ ቁስለት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ጾሙ ይጎዳዋል ከተባለም አይሸማቀቅ፤ አላህ ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታልና።