ሞተሩ ከሆድ ወጥቶ ከጀርባ ሲሰቀል



የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጀልባ ነው። «ደግሞ የጀልባ ወሬ ለስደተኛ ምን ይረባዋል?» የምትሉ አትጠፉም። መልስ አለኝ። የምንኖረው የመኪናው ታርጋ «10,000 ሐይቆች» በሚልበት ክፍለ ግዛት ነው። በትክክል ሲቆጠር ደግሞ ከ10 ኤከር የሚበልጡት ብቻ 11,842 ናቸው። ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው ዓሣ ማጥመድ ለምደዋል። አባቶችም ከታክሲው ወርደው አንድ እሑድ ውሃ ላይ ቢያርፉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ሰሞኑን አምስት ወዳጆቼ ለምክር ጠሩኝ። የጠሩኝ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ስለፈጀሁ እንጂ ባሕረኛ ስለሆንኩ አይደለም። አምስቱ በእቁብ ገንዘብ 28 ጫማ የሚረዝም አሮጌ ጀልባ ገዝተዋል። ጀልባው በሆዱ ሁለት ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች ተሸክሟል። ባለፈው የበረዶ ወራት የአንደኛው ሞተር ብሎክ ተሰነጠቀ። እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው። አንዱ «በአሮጌ ሞተር እንተካው» ይላል። ሌላው «ሁለቱንም አውጥተን ከኋላ የሚሰቀለውን ዓይነት እናድርግ» ይላል። በዕድሜ ጠና ያሉት ደግሞ «ሸጠን ገንዘቡን ለአገር ቤት ሰው ብንልከው ይሻላል፤ እስቲ አንተ ፍረድ ወንድሜ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፍርዱ ይቆየን፤ መጀመሪያ ዕቃውን እንይ» አልኳቸው።

ብሎኩ ለምን ተሰነጠቀ? በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው ሞተር ብዙውን ጊዜ የመኪና ሞተር ዘመድ ነው። የሚቀዘቅዘው ግን ብዙ ጊዜ በራዲያተር ሳይሆን ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። መስከረምና ጥቅምት አልፎ ብርዱ ሲገባ በብሎኩ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ይሆናል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል፤ ብረቱ ደግሞ አይለጠጥም። ስለዚህ በየዓመቱ ውሃውን በየማፍሰሻው ማውጣትና አንቲፍሪዝ መሙላት ግድ ነው። አንዲት ማፍሰሻ በዝገት ከተደፈነች የሁለት ሰዓት ስንፍና የሺህ ዶላሮች ዕዳ ትሆናለች። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አበው ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለበረዶም ይሠራል።

ከኋላ የሚሰቀለው ሞተር ግን ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። የማርሹን ዘይት ከቀየሩለት ብርዱን ይችላል። ሲበላሽም ወለል አይነቀልለትም፤ ፈትቶ ማውረድ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት ሰው በሚያመላልሱት ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ሞተሩ ከኋላ ተሰቅሎ ያያችሁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል።

ሌላም አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይተኛል። አንዲት ብልጭታ ካገኘች ፍንዳታ ነው። ለዚህ ነው የውስጥ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ማራገቢያው ቢያንስ ለ4 ደቂቃ እንዲሠራ የሚታዘዘው። ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስም አለ። በ2015 እዚሁ ሚኔቶንካ ሐይቅ ላይ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ በዚህ መርዝ ጀልባ ውስጥ ሞታለች። ከዚያ በኋላ ሚኔሶታ የተዘጋ ማደሪያ ክፍል ያላቸው ጀልባዎች የጭሱን ጠቋሚ መሣሪያ እንዲይዙ ሕግ አወጣች። ሞተሩ ወደ ውጭ ቢወጣም ጭሱ መርዝነቱን አይተውምና ልጆችን ከኋላ በኩል አታስቀምጡ።

ይህን የውጭ ሞተር ለሕዝብ ያዳረሰው ሰው ራሱ የስደተኛ ልጅ ነው። ኦሌ ኤቪንሩድ በ1877 ኖርዌይ ተወልዶ በአምስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ጎረቤታችን ዊስኮንሲን መጣ። ከእሱ በፊት የሞከሩ ነበሩ። እሱ ግን በ1909 ሚልዋኪ ውስጥ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 28 ኪሎ ግድም የሚመዝን ሞተር ለገበያ አቀረበ። በስሙ የሚጠራው ሞተር እስከ 2020 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ይህን ያህል ካማረ ለምን ሁሉም አይቀይርም? ምክንያቱ ጀልባው ነው። የውስጥ ሞተር ክብደት የሚያርፈው ወለሉ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ነው። የውጭ ሞተር ግን የሚንጠለጠለው በኋላው ግድግዳ ላይ ነው፤ የሚገፋውም እሱኑ ነው። ባለ 250 ፈረስ ጉልበት አንዱ ሞተር 250 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከወጣው ሞተር ቢቀልም ክብደቱ ሁሉ ወደ ጅራት ይሄዳል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ፣ ጅራቱ ወደ ውሃ ይሆናል። የብዙ አሮጌ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ደግሞ በሁለት ፋይበርግላስ መካከል የተጣበቀ ኮምፔርሳቶ ነው። ውሃ ከገባው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ከላይ ቀለሙ ያበራል።

ከ20 ጫማ በታች የሆነ፣ ለውጭ ሞተር የተሠራ ጀልባ የሚችለው የፈረስ ጉልበት በሰሌዳ ተጽፎበታል። የወዳጆቼ ጀልባ ግን እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለውም። ስለዚህ መዶሻ አነሳሁ። ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልኩ ስመታው ከላይ «ቋ፣ ቋ» ይላል፤ ከታች በቀኝ በኩል ግን «ዱብ፣ ዱብ» አለ። እንጨቱ ረጥቧል ማለት ነው። ሁሉም ሰሙት፤ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን ደመርን። ግድግዳው እንደገና ይሠራል። የድሮው ዘንግና የጭስ ማውጫው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። መሪው፣ ጌጁ፣ የጋዝ ማዘዣው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ይቀየራሉ። የዚህ ሁሉ ላይ ሁለት አዳዲስ ሞተሮች ሲጨመሩ፣ አንዱ ብቻ ከሃያ ሺህ ዶላር የሚበልጥ፣ ሂሳቡ ጀልባው ከተገዛበት ዋጋ እጅግ አለፈ።

ምክሬን እነሆ፦ ጀልባው ጠንካራ፣ ግድግዳው ደረቅ፣ ፍቅሩም የጸና ከሆነ ቀይሩ፤ አታፍሩበትም። ግድግዳው ከበሰበሰ ግን ጉድለቱን ለገዢ በግልጽ ተናግራችሁ ሽጡት። በምታገኙት ከፋብሪካው የውጭ ሞተር ተሰቅሎለት የወጣ አነስ ያለ ጀልባ ግዙ። ጋሼም ትርፉን ለአገር ቤት ይላኩበት። ሞተር ከመግዛት በፊት መዶሻ፣ ከመዶሻ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይቅደም። መጥኖ መደቆስ ማለት ይኸው ነው።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።